ሩቅ የሌለበት ክፍል

«ማዶ ሆነሽ ስትጠሪኝ፣ ድምፅሽ ቀርቦ መልክሽ ራቀ፤
ልቤ ቀድሞኝ ተሻገረ፣ እግሬ ግና...»

እዚህ ሲደርስ ቃሉ ያመልጠዋል። ዜማው ግን አይለቀውም፤ የጎደለውን በ«እምም» እየሞላ ያንጎራጉራል፣ የብረት መላጫው ቶርኖም ከሥር እያጉረመረመ ያጅበዋል። ከነሐሱ የሚላጠው ቀጭን ጥብጣብ እየተጥመለመለ ጫማው ላይ ይወድቃል። ዘፈኑ ሳያልቅ ቀለበቱ ያልቃል። አንሥቶ ወደ አምፖሉ ያስጠጋዋል፣ ዳር ዳሩን በጣቱ ይዳስሰዋል፤ ከዚያ ያንኑ ስንኝ እንደ አዲስ ይጀምርና እዚያው ቦታ ላይ ይወድቃል።

«እግሩ ምን ሆነ?» ትለዋለች ታላቅ እህቱ፣ በሩን ተደግፋ። ልብስ ሰፊ ናት፤ አንገቷ ላይ ሁልጊዜ ሜትር አለ። «ዕድሜ ልክህን እግሬ ግና፣ እግሬ ግና። ተሰበረ? ጫማ አጣ?»

«ረስቼዋለሁ እታለም።»

«ዘፋኙም ሳይረሳው አልቀረም።»

የሰፈሩ ሰው «ቀለበቴ» ይለዋል። ስሙን ሰምቶ የጣት ቀለበት የሚሠራ የመሰለው እንግዳ አንዳንዴ እጮኛውን አስከትሎ ብቅ ይልና፣ ጠረጴዛው ላይ የተዘረገፈውን የካሜራ ሆድ ዕቃ ሲያይ ይደነግጣል። የእሱ ቀለበት ጣት አያውቅም። የአንዱን ፋብሪካ ሌንስ በሌላው ፋብሪካ ካሜራ ላይ የሚያስቀምጥ፣ በአንድ ፊቱ ያንደኛውን ጥርስ በሌላ ፊቱ የሌላኛውን የያዘ፣ ባዳን ከባዳ የሚያዛምድ ቀለበት ነው። ደንበኞቹም የፎቶ ቤት ሰዎች ናቸው፤ ለመታወቂያ፣ ለምረቃ፣ ለልደት የሚያነሡ፣ ከመጋረጃና ከወንበር የማይርቁ።

መሥሪያ ቤቱ ከአንድ አሮጌ ፎቅ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። መስኮት አላት፤ ግን ሲከፈት የጎረቤቱ ሕንጻ ግድግዳ እጅ ሊጨብጥ ይደርሳል። «ቀለበቴ መስኮቱን የሚከፍተው ግድግዳውን ደህና አደርክ ለማለት ነው» ብለው ይቀልዱበታል። እሱም ይስቃል። ግድግዳው ላይ ያሉትን ስንጥቆች ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ሌንስ የሚፈትነው በእነሱ ነው።

አንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ መጥቶ ሌንስና ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎ ተማረረ።

«ጋሼ፣ ገባ። ዞረ። ቀጭ አለ። ታዲያ ለምንድነው ሰው ሁሉ የሚደበዝዝብኝ?»

«ገባ ማለት ተስማማ ማለት ነው እንዴ?» አለው ቀለበቴ፣ አጉሊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። «ስንቱ ነው አንድ ቤት ገብቶ፣ በር ዘግቶ፣ ሳይስማማ የሚያረጅ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ፊልሙ ያለው ጥልቀት በየካሜራው ይለያያል። የአንዱ ካሜራ ሆድ ጎድጓዳ ነው፤ የሌላው ጠለቅ ያላለ፣ ሰብሰብ ያለ። ሌንስ ደግሞ የተወለደበትን ቤት ጥልቀት አይረሳም። ከጎድጓዳው ቤት የመጣ ሌንስ ወደ ሰብሳባው ቢሄድ ክፋት የለውም፤ የጎደለውን ርቀት ቀለበት ይሞላለታል። ከሰብሳባው የመጣው ወደ ጎድጓዳው ሲሄድ ግን፣ ገና ቀለበት ሳይታከልበት ከፊልሙ ርቆ ተቀምጧል። እንዲህ ያለው ሌንስ ቅርቡን ያያል፤ አጠገቡ ያለውን ሰው ሽፋሽፍት አንድ ባንድ ይለቅማል። ሩቁ ግን ጭጋግ ነው፤ ቢያዞሩት ቢያጠማዝዙት ጭጋግ።

«ቀለበት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም» ይላል ቀለበቴ፤ ያለ ሰብሳባ ካሜራ እንዲህ ያለ ሌንስ ይዞ የመጣውንም ደግሞ «ሌላ ካሜራ ፈልግለት፣ አታሠቃየው» ብሎ ይመልሰዋል። ይህን ሕግ ለመጣ ለሄደው ሲያስተምር ነው ጠጉሩ የሸበተው።

ብረት ላይ እንዲህ የሆነ ሰው ቃል ላይም እንዲሁ ነበር። የተነገረውን በተነገረበት ልክ ይወስዳል፤ አይሞርደውም፣ አያለሰልሰውም።

አባቱ በትውልድ ከተማቸው የታወቀ ፎቶ አንሺ ነበር። ሲታመም ስልክ ተደወለ። ቀለበቴ ያን ጊዜ የአንድ ፎቶ ቤት ካሜራ ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ በትኗል፤ ቃል ገብቷል፤ ቃል ከገባ ደግሞ ገባ ነው። «ይቺን ብቻ ልግጠምና እመጣለሁ» አለ። ገጥሞ፣ ጠርጎ፣ አስረክቦ ሲደርስ አባቱ ተቀብሯል። እናቱ የውጭ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ፊቷ ደርቆ ነበር።

«አሁን ምን ቀረህና መጣህ?» አለችው። «ሂድ ወደ ብረትህ። ደጄን እንዳትረግጥ።»

ሌላ ልጅ ቢሆን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። ወይም እንዳልሰማ ሆኖ አልፏት ገብቶ ውኃ ይቀዳ፣ ወንበር ይደረድር ነበር። የእናት «ሂድ» ምን ማለት እንደሆነ የገባው ሰው አይሄድም። እሱ ግን ሄደ። እናቱ መታጠፊያው እስኪሰውረው ድረስ ከበሩ አልተነቃነቀችም፤ ይህን በኋላ እህቱ ነገረችው። እሱ ዞር ብሎ ስላላየ አያውቅም።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። እናቱ አንድ ቀን የአባቱን ሌንስ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ በእህቱ እጅ ላከችለት። ካሜራው ራሱ ቀድሞ ሞቷል፤ የቀረው ሌንሱ ብቻ ነው። ቀለበቴ ጨርቁን ፈታ፣ መስተዋቱን በብርሃን አየ፣ መልሶ ጠቀለለው።

«ድርሻዬን ሰጥታ አሰናበተችኝ ማለት ነው» አለ።

«አንተ ሰውዬ ጤና የለህም?» አለች እህቱ። «የባሏን ዓይን ላከችልህ እኮ።»

«ታዲያ ቃል ለምን አብራ አልላከችም?»

እሱም በፊናው ብርድ ልብስ ይልካል፣ ራዲዮ ይልካል፣ የክረምት ጫማ ይልካል። እናት ትቀበላለች፤ «ተቀብያለሁ በይው» ትላለች፤ ሌላ የለም። ሁለቱም አንዲት ቃል ከወዲያ ማዶ እስክትመጣ ይጠብቃሉ። አንጎራጓሪ ቢኖር እንዲህ ይል ነበር፦

«አንቺም ቆመሽ እኔም ቆሜ፣ ጥሪኝ ጥራኝ ስንባባል፤
በመሐላችን ያለው መንገድ፣ ሰው አጥቶ ሣር ያበቅላል።»

ታዲያ በዚያ ክረምት መግቢያ እህቱ እናታቸውን ልትጠይቅ ስትነሣ እንደ ልማዷ መጣች።

«ዘንድሮ አብረን እንሂድ» አለችው።

«ደጄን አትርገጥ ተብያለሁ።»

«ኧረ በሞቴ! ያ መቼ የተባለ ነገር ነው?»

«ተነሥቷል የሚል ሰምተሻል?»

«አንተ ደግሞ! እናትህ ናት ወይስ የመንገድ ምልክት?»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልዘለቀም። የያዘውን ሊማ አስቀመጠና ወደ መስኮቱ፣ ወደዚያ ግድግዳ ዞረ። «እታለም» አለ ቀስ ብሎ፣ «መልኳ እየጠፋብኝ ነው። ሌት አስባለሁ፤ ነጠላዋ ይመጣል፣ እጇ ይመጣል፣ ድምፅዋ ይመጣል። ፊቷ ጋ ስደርስ የለም። ፎቶዋን አምጪልኝ።»

እህቱ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጣቷ ላይ ጠቀለለች። «እሷ መነሣት እንደማትወድ ታውቃለህ። ‹ከአባታችሁ ዓይን በቀር በማንም ዓይን አልታይም› ነው የምትለው።»

«በሱ ዓይን ነዋ የምታነሻት።»

የአባቱ ሌንስ ከሰብሳባ ካሜራ የተወለደ ነው። ቀለበቴ ዘንድ ያሉት ካሜራዎች ሁሉ ጎድጓዶች ናቸው። የሚስማማው ካሜራ እንዳለና የት እንዳለም ያውቃል፤ ከመንገዱ ማዶ፣ አሮጌ ካሜራ የሚሸጠው «ዓይናማው» መደርደሪያ ላይ። ዓይናማው የተባለው መነጽሩ የጠርሙስ ቂጥ ስለሚያህል ነው። ቢጠይቀው አይከለክለውም ነበር። ግን ዓይናማው ዕቃ ሲያውስ አፉንም ጨምሮ ነው፤ «ለምንድነው?» ይላል፣ «ራስህ ለምን አትሄድም?» ይላል። ቀለበቴ ከሁሉ የሚፈራው ያቺን ጥያቄ ነበር።

ስለዚህ ለሰው ሁሉ የከለከለውን ለራሱ ፈቀደ። አንዱን ጎድጓዳ ካሜራ አነሣ፤ አፉን ሞረደው። ቀለበቱን ከላይ በማስቀመጥ ፋንታ ወደ ውስጥ የሚሰምጥ አድርጎ ላጨው፤ ሌንሱ ወደ ፊልሙ እንዲጠጋ። ሰመጠ፣ ሰመጠ፣ ከዚያ በላይ ቢሰምጥ ውስጥ ያለውን መስታወት ይመታዋል። ካሊፐሩን አስገብቶ ለካ። ጥቂት ይቀራል። ፀጉር ያህል።

«ፀጉር ምን ያደርጋል» አለ ለራሱ። በሕይወቱ እንዲህ ብሎ አያውቅም።

ከዚያ መስኮቱን ከፈተና ወደ ግድግዳው አነጣጠረ። ስንጥቆቹ ምላጭ ሆነው ወጡ፤ አንዲት ጉንዳን ስትወጣ እግሯ ሳይቀር ታየው። ሰገነት ወጥቶ ሩቁን መሞከር እንደሚገባው ልቡ ያውቃል። ግን ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ የእህቱ አውቶቡስ ጎሕ ሲቀድ ይነሣል፣ ግድግዳው ደግሞ እንዲያ ጥርት ብሎ ይታያል። ያቺ ክፍል ውስጥ ሩቅ የሚባል ነገር የለም። ዕድሜውን እዚያ የቆየ ሰው፣ ሩቅ ማለት ያ ግድግዳ መስሎት ቢሳሳት ምን ይደንቃል። ካሜራውን በአባቱ ጨርቅ ጠቅልሎ ሰጣት።

እህቱ ስትመለስ ቤቷ እንኳ ሳትገባ ወደሱ መጣች። «ያልከኝን ሁሉ አድርጌያለሁ» አለችና ፊልሙን ሰጠችው። ሌላ ጊዜ ፊልም ለማጠብ ደርሶ የማይቸኩለው ሰው፣ ወዲያው ክፍሉን አጨልሞ ፈሳሹን አዘጋጀ። አጠበ። አለቀለቀ። እርጥቡን ወደ አምፖሉ አንሥቶ አጉሊ መነጽሩን ደቀነበት።

የመጀመሪያው ላይ የእህቱ የገዛ እጅጌ አለ፤ አውቶቡስ ውስጥ ስትለማመድ ያነሣችው። ክሩ ሳይቀር ይቆጠራል። ቀጥሎ የውጭ በሩ መቀርቀሪያ፤ ዝገቱ፣ አባቱ የመታው ሚስማር። ከበሩ ወዲያ፣ ከቤቱ ደጃፍ፣ አንድ የፈሰሰ ነጭ ነገር ቆሟል። ቀጣዩም ያው ነው። ቀጣዩም። ነጭ ነገሩ አንዴ እጁን ያነሣ ይመስላል። ፊት ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ላይ ጭጋግ አለ።

«እንዴት ነች?» አለች እህቱ ከኋላው።

አጉሊ መነጽሩን አቀበላት። ረጅም ጊዜ አየች።

«ስታነሺ በቀዳዳው ስታዪ፣ እንዲህ ደብዝዞ አልታየሽም?» አላት በመጨረሻ።

«ታይቶኛል።»

«ታዲያ?»

«ዓይኔ መሰለኝ» አለች። «ዓይን እንደሆነ ለኛ ቤት ጠላት ነው። ደግሞ እያለቀስኩ ነበር። ያንተ ሥራ ይሳሳታል ብዬ በምን አንጀቴ ልጠርጥር? ጥፋቱን ከራሴ ላይ ነው ያኖርኩት።»

ከስድብ ሁሉ ይህቺ ባሰችበት። ሰው እሱን ከማማት የገዛ ዓይኑን ያማበት ሥራ።

«ቀረብ ብለሽ ለምን አላነሣሻትም? ቅርቡን እኮ ጥርት አድርጎ ነው የሚያየው።»

«እምቢ አለችኛ። ጠጋ ስል መለሰችኝ። ‹ከዚያ ሆነሽ አንሺኝ፤ እሱ ጥሎኝ ከሄደበት። ቀርቦ ማየት የፈለገ ራሱ ይምጣ› አለች።»

ፊልሙ ከእጁ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ቀለበቴ ያን ቃል እንደ ልማዱ አገላብጦ ለካው። ‹ራሱ ይምጣ›። ዓመታት ሙሉ ከማዶ ትመጣለች ብሎ የጠበቃት ቃል ይቺ ነበረች፤ መጣችም። የመጣችው ግን የእናቱን ፊት ካጠፋው ሥራው ጋር አንድ ላይ ተጠቅልላ ነው። እንዲህ ስትመጣለት ደግሞ ደስታውን ከእፍረቱ መለየት አቃተው፤ በባዶ እጅ፣ ‹ፊትሽን አበላሸሁት› ብሎ እንዴት ይሂድ?

እናም የሚያውቀውን አደረገ፤ ሥራ ጀመረ። ቀለበቱን አውጥቶ ጣለ፤ ሌላ ላጨ፤ እሱንም ጣለ። ክረምቱ ሰገነቱን ሲደበድብ ሰነበተ። ሲያቅተው፣ ባርኔጣውን አጥልቆ መንገዱን ተሻገረ።

ዓይናማው ካሜራውን ከመደርደሪያው አውርዶ በክንዱ አቧራውን ጠረገ። የአባቱን ሌንስ ተቀብሎ አስገባ፤ ያለ ቀለበት፣ ያለ ሞረድ፣ ቀጭ።

«ይሄው። አምጣው ስልህ ኖሬ» አለ። «ለምንድነው?»

«ለእህቴ። እናቴን ድጋሚ እንድታነሣልኝ።»

ዓይናማው መነጽሩን አወለቀ። ያለ መነጽር ፊቱ እንደ ሕፃን ነው። «አንተስ? እግር የለህም?»

ቀለበቴን ያቺ የሚፈራት ጥያቄ አገኘችው። ካሜራውን ይዞ ወጣ፤ ወደ ክፍሉ ግን አልገባም። ደረጃውን እስከ ሰገነቱ ወጣ። ዝናቡ አባርቷል። ከተማው ሁሉ ታጥቦ ተሰጥቷል። ካሜራውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ የሌንሱን አንገት እስከ መጨረሻው ሲያዞረው፣ ጭጋጉ ተገፈፈ። እዚያ፣ ከሕንጻዎቹ ወዲያ፣ ስሟን የማያውቃት ሴት ልብስ ታሰጣለች፤ ገመዱ ላይ ያሉት መቆንጠጫዎች፣ ክንዷ ላይ የቀረው የሳሙና አረፋ፣ ፀሐዩን ለመከለል ያጨማደደችው ግንባር፣ ሁሉም ታየው። ልጇ መሆን አለበት ከታች የጠራት፤ ዞራ ሳቀች፤ ሳቋም ታየው።

የማያውቃትን ሴት ፊት ይህን ያህል ርቀት ጥርት አድርጎ ማየቱ አስለቀሰው። ይህ ካሜራ ከመንገዱ ማዶ ነበረ፤ ይህን ሁሉ ዘመን። እናቱም ከአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ማዶ።

በማግሥቱ ራሱ ሄደ። ለእህቱ እንኳ የነገራት አውቶቡሱ በር ላይ ቆሞ ነው፤ በስልክ። «ሂድ» አለች፤ «ዝም ብለህ ሂድ። የምታየውን ታያለህ።»

የውጭ በሩ ያው ነው። መቀርቀሪያውን በፎቶው ያውቀዋል። ከፈተው፣ ግን እግሩ መድረኩ ላይ ቆመ። እናቱ ደጃፉ ላይ ዝቅ ባለች ወንበር ተቀምጣ ጭኗ ላይ ባለ ትሪ ምስር ትለቅማለች፤ በጣቷ እየዳሰሰች። ከኋላዋ፣ ከወጥ ቤቱ፣ የቧንቧ ጠብታ ይሰማል። ቀና አለች።

«ማነው? ቧንቧ ሠሪው ነህ?»

ፊቷ ወደሱ ነው፤ ዓይኖቿ ግን ትከሻውን አልፈው መንገዱን ያያሉ። ብሌናቸው ላይ ወተት የፈሰሰ ይመስላል።

‹እኔ ነኝ› ሊል አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን «አዎ» ነው።

«ዛሬም አይመጣም ብዬ ነበር። ግባ፤ ምን ይገትርሃል።»

ግባ የተባለው ቧንቧ ሠሪው ነው፤ እሱ አይደለም። ቀለበቴ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በልኩ ያልተነገረ ቃል ለበሰና ገባ።

ወደ ቤቱ ጀርባ ዞረ። ጠፍጣፋውን ድንጋይ አንሥቶ የውኃውን መዝጊያ ዘጋ። ከደረጃው ሥር የአባቱን የዕቃ ሳጥን ጎትቶ መፍቻ አወጣ። ቧንቧውን ሲፈታው ውስጡ ያለው ጎማ ተበልቷል፤ ከካሜራው ቦርሳ ሥር ከተሰፋው ጎማ ቁራጭ በምላጭ ክብ አድርጎ ቆረጠና አስገባበት። እጁ ይሠራል፤ ዓይኑ በበሩ በኩል እሷን ያያል። አርጅታለች። ጉንጯ ላይ ያለችው ምልክት በግራ ነው፤ እሱ በቀኝ አድርጎ ነበር ሲያስታውስ የኖረው።

«ዝምተኛ ነህ» አለች ምስሯን እየለቀመች። «ያለፈው ጊዜ ሌላ ሰው ልከው ነበር፤ ወሬኛ። ቧንቧውን ትቶ ጆሮዬን አበላሽቶት ሄደ።»

መዝጊያውን መልሶ ከፈተ። ጠብታው ቆመ። ቤቱ በድንገት ጸጥ አለ፣ እሷም ጸጥታውን አዳመጠች። ከዚያ ተነሣች፤ ግድግዳውን በጣቷ ጫፍ እየነካች ወጥ ቤት ገባች፤ ሾርባ በጎድጓዳ ሳሕን ቀዳች፤ ዳቦ ቆረሰች፤ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ታጠብና ብላ።»

«ግድ የለም...»

«የሠራ እጅ ባዶ አፍ ይዞ ከዚህ ቤት አይወጣም።»

ታጠበ፤ ግን አልተቀመጠም። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እናቱ ሌላውን ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ቧንቧ ሠሪው ሲመጣ» አለች፣ «መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ‹መዝጊያው የት ነው?› ብሎ ነው። ነግሬው ነግሬው ይረሳዋል። አንተ ድንጋዩን ስታነሣ ሰማሁህ። ማንንም አልጠየቅህ።»

ከውጭ መንገደኛ ሲያልፍ ይሰማል። አለፈ።

«እማዬ» አለ።

«ወዬ» አለች። ልጅ ሆኖ ከጓሮ ሲጣራ እንደምትለው፤ ሳትቸኩል።

«መቼ ነው እንዲህ የሆንሽው?»

«ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ ሩቁ ሄደ። ከዚያ ቅርቡም ተከተለው። አሁን ጥላ ብቻ ነው የማየው፤ በር ላይ አንድ ጥቁር ነገር ሲቆም።»

«ለምን አልተነገረኝም?»

«እኔ ነኝ አትንገሪው ያልኳት። አዝኖ አይምጣ፣ ናፍቆ ይምጣ ብዬ።» ጠረጴዛውን በመዳፏ ጠረገች። «ያኔ ሂድ ስልህ ደግሞ ትሄዳለህ ብዬ አልነበረም። በር ላይ ቆሜ ይዞራል፣ አሁን ይዞራል ስል...» አልጨረሰችውም። «ተወው። ፎቶውስ? መልኬ ወጣ?»

‹ቆንጆ ሆነሽ ወጥተሻል› ማለት ይችል ነበር። እህቱም አትመሰክርበትም።

«አልወጣም እማዬ። ሌንሱንና ካሜራውን ያስማማሁ መስሎኝ ነበር። ተሳስቻለሁ። ጭጋግ ብቻ ነው የወጣው።»

የእናቱ ትከሻ መነቅነቅ ጀመረ፤ የምታለቅስ መሰለው፤ እየሳቀች ነበር።

«እንግዲያው ተካካስን» አለች። «አንተም አላየኸኝ፣ እኔም አላይህ።»

እሱ መሳቅ አልቻለም። አሁን በፈለገው ያህል ቀርቦ ሊያያት ይችላል፤ ግንባሯን፣ ምልክቷን፣ የከንፈሯን ዳር። ‹ምን ታፈጥብኛለህ› የሚለው የለም። እሷ እሱን ልታይ የምትችልባቸው ዓመታት ግን በዚያች ጠባብ ክፍል፣ በዚያ ግድግዳ ፊት አልፈዋል፤ ለዚያ ጉድለት ደግሞ የሚላጭ ቀለበት የለም። ቦርሳው በሩ አጠገብ ተቀምጧል። አልከፈተውም።

«ፂም አለህ?» አለች።

«አለኝ።»

«ሸብቷል?»

«ሸብቷል።»

ራሷን ነቀነቀች፤ ያን ሰው ከጨለማው ውስጥ ልትሠራው የምትሞክር ይመስል። ከዚያ ሳሕኑን በጣቷ ፈልጋ ወደሱ ገፋችው።

«ሾርባው ይቀዘቅዛል። ተቀመጥ።»

ወንበሩን ሳበ፤ እግሩ ወለሉን ሲፍቅ ድምፁን ተከትላ ፊቷን አዞረች። ተቀመጠ። ማንኪያውን አነሣ። እናቱ አገጯን በእጇ ደግፋ፣ ጆሮዋን ወደሱ አዘንብላ፣ ማንኪያው ሳሕኑን ሲነካ፣ ዳቦው ሲቆረስ፣ ሲውጥ ታዳምጣለች።

«እየበላህ ነው?»

«እየበላሁ ነው እማዬ።»

«ጨው አነሰው?»

አንሶት ነበር። «ደህና ነው» አለና፣ ዳቦውን አጥቅሶ ጎረሰ።